ማልቀስ አልተከለከለም

ገና ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ፣ አንድ እግሬ ከበሩ ውጭ እያለ፣ ስለሺ ክንዴን ይዞ ወደ ቀርከሃው አጥር ጥግ ወሰደኝና፣ "የወርቅውሃ፣ አደራሽን፣ ዛሬ ሙሾ ስታወርጂ ስለ አሟሟቱ ምንም እንዳትይ" አለኝ። የልጁ የሰራዊት ሰልስት ነው። ስለሺን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ስንመጣ የተጫንነው አንድ መኪና ላይ ነው፤ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን እያየ ነበር። ያን ቀን የሚያወራው ከአጥሩ ጋር ነው። "አሟሟቱን ሳልይዝ ምን ብዬ ላልቅስ?" አልኩት። "ስለ ደግነቱ በይ። ስለ ቁመናው በይ። ምን ጠፍቶ!" አለኝና ወንበር ሊደረድር ሄደ። ኧረ ወዲያ! ልጁን ልንድረው ነው እንዴ ቁመናውን የምዘረዝርለት?

የተናደድኩት ያለ ነገር አይደለም። መናኸሪያው አጠገብ ፉል ቤት አለችኝ፣ የምኖረው በእሷ ነው፤ ሙሾውን ግን ከእናቴ ነው የወረስኩት፣ ማንም አይከፍለኝም፣ እኔም አልጠይቅም። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ጡሩምባ ነፊው ይጠራል፣ ቀጥሎ እኔ እጠራለሁ። ስጠራ ሁልጊዜ አስቀድሜ ቤተሰቡን እጠይቃለሁ፤ ምን ይወድ ነበር፣ ማንን ይጦር ነበር፣ ከማን ተኳርፎ ነበር፣ በምን ሞተ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁጭ ሲል መጀመሪያ የሚለው "ምን አግኝቶት ነው?" ነው፤ ቤተሰቡም ለመጣው ሁሉ፣ መቶ ሰው ቢመጣ ለመቶው፣ ከጥንት ከመሠረቱ ይነግራል። እየነገረ ነው የሚወጣለት። እኔ ደግሞ ያንኑ ይዤ በግጥም እጥለዋለሁ። አንድ ቃል ጣል አደርግና ዝም እላለሁ፤ ቃሉ የነካው ሰው ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል፣ ያልነካው ለወጉ ደረቱን መታ መታ ያደርጋል። ዕድሜዬን ሙሉ የማየው የሰው ፊት ነው። ማን ከአንጀቱ እንዳዘነ፣ ማን ለይሉኝታ እንደመጣ፣ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ።

ሰራዊት ከከተማው ወጣ ብሎ ፈረንጆች ከከፈቱት የእምነበረድ ማውጫ ነበር የሚሠራው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የሠራተኛው መኪና እስኪመጣ እኔ ጋ ፉል ይበላል። ፉል መቶ ብር ገብቶ ሰዉ ግማሽ ሳህን እያዘዘ በሚለማመጠኝ ጊዜ፣ እሱ ሙሉውን አዝዞ ከጓደኛው ከዐብዱልቃድር ጋር ነበር የሚካፈለው። ስለ ሥራው ማውራት ይወዳል። "እትዬ፣ ይሄን ቤትሽን የሚያክል ድንጋይ በምን እንደምንቆርጠው ታውቂያለሽ? በሽቦ!" ይለኛል። ረጅም ሽቦ ነው አሉ፤ ድንጋዩ ላይ ይጠመጠምና ማሽኑ ሲያሽከረክረው ሰንጥቆት ይወጣል። እኛ የልብስ ሳሙና በክር እንደምንቆርጠው ማለት ነው። ይህን እየነገረኝ አፉ ሙሉ ይስቃል፣ እኔም "ዋጥና አውራ" እያልኩ እቆጣዋለሁ።

ይህ ልጅ ዓርብ ማታ ለእናቱ ለስርጉት ደውሎ "ማንጎ አስቀምጪልኝ፣ እሑድ እመጣለሁ" ብሏታል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ "በወባ ሞተ" የሚል ስልክ መጣ። የማውጫው ሰዎች መጥተው ስለሺን በመኪና ወሰዱት፣ እሑድ ከሬሳው ጋር መለሱት። ሳጥኑን የገዛው ድርጅቱ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን ጥርቅም ተደርጓል። ስርጉት "ፊቱን ልየው" ብላ ሳጥኑ ላይ ስትወድቅ ጎትቶ ያነሳት ባሏ ነው። ለበሽታው ሲባል አይከፈትም አሉ። ይቺን ይወዳል! የወባ ሬሳ ፊት ማየት ወባ ያሲዛል እንዴ? አሶሳ ውስጥ ወባ ያልጣለው ሰው ካለ እስቲ ያሳዩኝ! ግን በለቅሶ ቀን ማን ይከራከራል፣ ቀበርነው።

ስርጉትን ያገኘኋት ጓዳ ውስጥ ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ ጥግ ላይ የጤፍ ጆንያ፣ ምስማር ላይ የሰራዊት ጃኬት። ለእሱ ያስቀመጠችው ማንጎ በሳህን እንዳለ ወለሉ ላይ ነው፤ ልጣጩ መጥቆር ጀምሯል፣ ክፍሉን ሁሉ ሸትቶታል፣ አንስቶ ሊጥለው የደፈረ ግን የለም። ፍራሹ ላይ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከእሷ ጋር የነበሩትን ሴቶች "እስቲ አንዴ" ብላ አስወጣቻቸውና እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። እንባ የላትም። የደረቀ ፊት ነው ያላት፣ እንዲህ ያለውን ፊት እኔ አልወደውም።

"የወርቄ፣ ሰው ዓርብ ሲስቅ አምሽቶ ቅዳሜ በወባ ይሞታል?"

"ምን አውቄ፣ እህቴ።"

"ሁሉም ያውቃሉ። ስገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ስለሺ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚተኛው፤ ስጠይቀው 'ወባ ነው አልኩሽ' ይለኛል፤ ደግሜ ስጠይቀው ተነስቶ ግቢው ውስጥ ይዞራል። ወልጄ፣ አጥብቼ፣ በምን እንደሞተ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የሻውንም ሊወስዱብኝ ነው።" የሻው የሰራዊት ታናሽ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። በወንድምህ ቦታ እንቀጥርሃለን ብለውታል አለችኝ፤ የሚመጣው ሰኞ ይገባል፤ ቢጫውን የሥራ ቆብ ሳይቀር ሰጥተውታል። "እወቂልኝ" አለች እጄን እያጠበቀች። "ካንቺ ሌላ ምንም አልፈልግም። በምን እንደሞተ እወቂልኝ።"

ከጓዳ ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። ግቢው ሞልቷል፤ የሰፈራው ሰው በአንድ በኩል፣ የበርታ ጎረቤቶቻችን በሌላ በኩል ምንጣፍ ላይ፤ ንፍሮ እየዞረ ነው። አጥሩ ሥር ብሪቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። የባምባሲ ልጅ ናት፣ መንገድ ላይ ለውዝ ቆልታ ትሸጣለች። ባሏ ዋቅሹማም እዚያው ማውጫ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አምና ነው በወባ የሞተባት፣ ሙሾ ያወረድኩለትም እኔ ነኝ። ያኔ የትንኟን ነገር እንዴት አድርጌ እንደገጠምኩት ሰዉ እስካሁን ያነሳልኛል። በአጠገቧ ሳልፍ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ "እትዬ፣ ተዪው፣ አትጠይቂያቸው" አለችኝ። ሐዘኗ ተቀስቅሶባት ነው ብዬ ትከሻዋን ዳበስ አድርጌ አለፍኩ።

ዐብዱልቃድር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከሌሎቹ የማውጫው ሠራተኞች ጋር። ጎኑ ቁጭ ብዬ "ጓደኛህ በምን ሞተ?" አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እትዬ፣ አትጠይቀኝ። ወላሂ፣ አትጠይቀኝ። እኔ ፈርሟል።" ቤቱ የሚወራው በርታ ነው፤ አማርኛ ላይ ሴቱንም ወንዱንም፣ እኔንም እሱንም አንድ ያደርገዋል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እቀልድበት ነበር። ምኑን ነው የፈረምከው ስለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁላችንም ፈርሟል። ያልፈረመ ሥራ የለም። ለማንም አትናገር ይላል፤ ለሚስት ጭምር አትናገር ይላል። ብኸይታ ቤት ውስጥ ይጠይቀኛል፣ 'ጓደኛህ ምን ሆነ?' ይላል። እኔ ዝም። እሱም ዝም። ራት ዝም ብለን እንበላለን።" ብኸይታ ሚስቱ ናት። ወረቀት ገብቶ ባልና ሚስት መካከል ሲተኛ አስቡት እንግዲህ! እና ስለሺም ፈርሞ ነው ማለት ነው። የሰው ልጅ ለገዛ ሚስቱ የልጇን አሟሟት ላልነግር ብሎ ሲፈርም እጁ እንዴት ታዘዘለት ብዬ በሆዴ ረገምኩት።

ማን እንዳስፈረማቸው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ፊት ለፊት፣ ለሽማግሌ በተተወው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የድርጅቱ ጠበቃ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ፊቱ ለስለስ ያለ፣ ጥቁር ከረባት ያሰረ። በግ ይዞ መጥቷል፣ የታሸገ ውሃ በካርቶን ይዞ መጥቷል፤ ነጭ ፒክአፑ በሩ ላይ ቆማ ሰዉ እየዞራት ነው የሚገባው። ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ማጽናናት እንዳይመስላችሁ፣ ጥበቃ ነው። ንፍሮ ይዤ ጎንበስ አልኩለት። ሽንኩርት ልትልጥ የመጣች ሴትዮ መስዬው ነው መሰለኝ፣ "ተባረኪ እናቴ" ብሎ ቆንጠር አደረገ።

"ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይሄ ልጅ በምን እንደሞተ ታውቃለህ?"

"እሱን መግለጽ አልችልም እናቴ። ምስጢር የመጠበቅ ስምምነት አለ።"

"ስምምነቱ ምን ይላል?"

"እሱንም መግለጽ አልችልም። እንዲያውም ስምምነት መኖሩን ራሱ መናገር አልነበረብኝም" ብሎ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ! ስለሺ ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ እግሩን እግሩን ያያል።

ሰውየው ግን ማስረዳት የሚወድ ነገር ነው። ዝም ብዬ ስቆምለት ጊዜ ቀጠለ። ድርጅቱ ማውጫውን ለመሸጥ ከውጭ አገር ገዢዎች ጋር ድርድር ላይ ነው፤ ገዢዎቹ ሐሙስ በአውሮፕላን ይመጣሉ፤ እንዲህ ባለ ትልቅ ድርድር ላይ ትንሽ ወሬ ሾልኮ ከወጣ ዋጋ ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚመለከተው ሁሉ ይፈርማል፣ ፈረንጆቹም ይፈርማሉ፣ እሱም ፈርሟል። ስምምነቱን ያፈረሰ የተቀበለውን ካሳ ይመልሳል፣ በላዩም በዶላር ይቀጣል። "ክርክር ቢነሳ እንኳ የሚዳኘው ለንደን ነው" አለኝ፣ እዚያ የሚዳኘው እሱ ይመስል ደረቱን ነፋ አድርጎ። "ዓለም አቀፍ አሠራር ነው፣ እናቴ። አዲስ ነገር አይደለም።" ስለሺ ከወሎ ከመጣ ወዲህ ከባምባሲ አልፎ የማያውቅ ሰው ነው። እሱን ለንደን! እዚህ ቅዳሜ ገበያ የሚያነክስ በግ ደብቆ የሸጠ ሰው አጭበርባሪ ተብሎ ሁለተኛ የሚገዛው አያገኝም፤ እነሱ ሲያደርጉት ዓለም አቀፍ ይባላል። ሁለት ባለጠጋ ሊገበያይ፣ ስርጉት በጓዳዋ ከጠቆረ ማንጎ ጋር ትፋጠጥ! ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት፤ ብናገረው ከግቢ እንደሚያስወጣኝ ገብቶኛል።

"ታዲያ ዛሬ እንዴት ልንሆን ነው?" አልኩት። "ማልቀስም ተከልክሏል?"

"ኧረ እናቴ! ማልቀስ አልተከለከለም። እንደ ባህላችሁ አልቅሱ" አለ፤ ስለሺንም ዞር ብሎ "ማልቀስ አልተከለከለም፣ ምንም ችግር የለውም" ብሎ ደገመለት። ምንጣፉ ላይ ያሉት ሠራተኞችም ሰምተውታል። ባህላችሁ አለን፤ እሱን ደግሞ ከሰማይ ነው የጣሉት።

ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሳ። ከፀሐይ የሚከልለን ሸራ ከማንጎው ዛፍ ወደ ቤቱ ክዳን በሽቦ ተወጥሮ ነበር፤ የሻውና ሌሎች ጎረምሶች ሊያጠብቁት ወጡ። የሻው ቢጫውን ቆብ አድርጎታል። እየሳበ፣ ጮክ ብሎ፣ "አባባ፣ ሰኞ የሰራዊትን ማሽን ነው የምይዘው አሉኝ፣ ሥልጠናው አንድ ቀን ነው" አለ። ስለሺ ክው አለ። "መጋዘን ነው የሚሠራው ያላችሁኝ" አለ ወደ ጠበቃው ዞሮ። ጠበቃው "እሱ በኋላ ይታያል አባቴ፣ አሁን ጊዜው አይደለም" አለው። ይህን እየተባባሉ ሳሉ ሽቦው ጧ ብሎ ተበጠሰ። ማንንም አልነካም፤ ሸራው ብቻ ዘፍ ብሎ ወረደ። ዐብዱልቃድር ግን ከተቀመጠበት ተወርውሮ በግንባሩ ተደፋ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ። አብረውት የነበሩት ሠራተኞችም እንደዚያው። ልጆች ሳቁ። አንዱ "ምን ሆናችሁ፣ ሸራ እኮ ነው" አለ። እነሱ አልሳቁም፤ አቧራቸውን አራግፈው መልሰው ተቀመጡ። ስለሺ ዓይኑን ጨፍኖ የዛፉን ግንድ ይዟል። ሁሉንም አየሁ። ሰራዊት አፉን ሞልቶ እየሳቀ የነገረኝ ትዝ አለኝና ውሃ አምጡልኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ካህናቱ ሙሾ አይወዱም፤ ጸሎታቸውን አድርሰው እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከዚያ ስርጉትን ከጓዳ አስወጥቼ መሐል ላይ፣ የሰራዊት ፎቶ ሥር አስቀመጥኳት። ስለሺ "የወርቅውሃ፣ አደራ ብዬሻለሁ" ብሎ አንሾካሾከ። "ማልቀስ አልተከለከለም፣ ሰማህ አይደል?" አልኩት። ተነስቼ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። መጀመሪያ እነሱ የሰጡኝን ነው የጣልኩት፦

ትኩሳት ነው አሉ፣ ወባ ነው የጣለው፣
ሰራዊትን ያህል በአንድ ቀን ማን ቻለው?

ጠበቅኩ። ሰዉ ደረቱን መታ መታ አደረገ። ለወጉ ነው፤ አንድም የተሰበረ ድምፅ የለም። ስርጉት አታለቅስም፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ታየኛለች። ብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባዋለች። ጠበቃው እግሩን አጣጥፎ ስልኩን ይነካካል። ቀጠልኩ፦

ነጩ ድንጋይ ይሆን ልጄን የተጫነው፣
አፈሩስ አይቀርም፣ ድንጋዩ ለምን ነው?

አንዳንድ አሮጊቶች እዬዬ አሉ፤ የሰፈራው ሰው ድንጋይ የወደቀበት ዘመድ አያጣም። ምንጣፉ ላይ ያሉት ግን ዝም። ስለሺም ዝም። ድንጋይ አይደለም ማለት ነው። ስርጉት ገብቷታል፤ እኔን ትታ የእነሱን ፊት ማየት ጀመረች። ሦስተኛውን ጣልኩ፦

መኪና ነው እንዴ መንገድ ላይ ያስቀረው፣
ያየ ሰው ጠፋ ወይ ለእናት የሚነግረው?

ዐብዱልቃድር ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ "ለእናት" የሚለው ነው የነካው፣ መኪናው አይደለም። ጠበቃው ቀና ብሎ አየኝ። ሽንኩርት ላጯ ይህን ሁሉ ከየት አመጣችው ሳይል አልቀረም። እኔም አየሁት። የሚቀጥለውን ቃል ከጣልኩት በኋላ የማይመለስ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ካሳውም ይሄዳል፣ ቤታቸውም ለቅጣቱ ሊሄድ ይችላል፣ ስለሺ ዳግመኛ ላያናግረኝ ይችላል። ግን የሻው ቢጫውን ቆብ እንዳደረገ አባቱ ጎን ቆሟል። ጮክ ብዬ፣ ቃሉን ለያይቼ፣ ጣልኩት፦

ሽቦው ነው ይሆን ወይ ተበጥሶ የመጣው፣
ድንጋይ ቁረጥ ቢሉት ሰው ቆርጦ የወጣው!

ከዚያ ከወደ ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር፣ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ "ያ ዋቅሹማ ኮ!" ብሎ የሚጮህ የሴት ድምፅ። ብሪቱ ናት። የእኔ ዋቅሹማ እያለች መሬቱን በሁለት እጇ ትደበድባለች። አምና በወባ የሞተውን ባሏን ነው የምትጠራው! ሰዉ ዞሮ ሳይጨርስ ዐብዱልቃድር በጥምጣሙ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ፤ ጎኑ ያለው፣ ከዚያም ጎን ያለው፣ ምንጣፉ ላይ ያሉት የማውጫ ሠራተኞች በሙሉ። መጨረሻ ላይ ስለሺ። ሦስት ቀን ሙሉ የያዘው ነው መሰል ስርጉት እግር ሥር ተንበረከከ፤ ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። እኔ ያንኑ ግጥም ደገምኩት። ሰለስኩት።

ጠበቃው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "ምንድን ነው ይሄ? ማነው የተናገረው? ይሄ ጥሰት ነው! ማነው ለሴትዮዋ የነገራት?" እያለ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። ሁሉም ያለቅሳል። ማንም አልተናገረም። የቱን ሰው ስሙን ይጻፍ? ከዚህ ሁሉ ፈራሚ አንድም ሰው ከአፉ ቃል አላወጣም፣ እንባ ነው ያወጣው። "አንተው አይደለህ እንዴ ማልቀስ አልተከለከለም ያልከው?" አልኩት። ከረባቱን ሳብ ሳብ አደረገ።

ስርጉት ግን ወደ እሱም ወደ እኔም አላየችም። የባሏን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው። "ሽቦ ነው?" አለችው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። "ፊቱን ነው?" አለችው፤ ቀስ ብላ፣ ውሃ ጠጣህ ወይ ብላ እንደምትጠይቀው ያህል። ስለሺ ጠበቃውን አየ፣ የሻውን አየ፤ የሻው ላይ ያለውን ቆብ አየ። ከዚያ ከተንበረከከበት ተነስቶ ቆመና ለሰዉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

"ፊቱን ነው። ሽቦው ተቀጥሎ ተቀጥሎ አልቆ ነበር። ልጆቹ ቀይሩልን ብለው ነበር። ገዢዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ይቀየራል ተባሉ፤ ሥራ ከቆመ ገዢዎቹ ይጠይቃሉ ተባሉ።" ወደ ጠበቃው ዞረ። "አሁን እኔ ተናገርኩ። ለንደን ውሰደኝ።"

ስርጉት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። በስንት ጊዜዋ ለልጇ አለቀሰች፤ ከአንጀቷ፣ ስሙን እየጠራች፣ ፊቱን እየጠራች፤ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት። አጠገቧ ሆኜ ደረቴን እመታለሁ፤ ግጥም አላስፈለጋትም። የሻው ወደ ጠበቃው ሄደ። የሚመታው መስሎኝ ልጮህ ነበር፤ አልመታውም። ቆቡን አውልቆ፣ ሰውየው ተነስቶበት ባዶ በቀረው ወንበር ላይ አስቀመጠለትና ወደ እናቱ መጣ። ጠበቃው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ላብ ሸሚዙን አጣብቆታል፤ በሩ ላይ ያለችው ፒክአፕ እንዳታወጣው ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል፣ የሚያሳልፈውም የለም።

ያን ጊዜ ነው ብሪቱ ከአጥሩ ሥር ተነስታ የመጣችው። ሰዉን እየሰነጠቀች፣ እግሯን እየጎተተች፣ መሐል ድረስ መጣች። ነጠላዋን ከፊቷ ገፋ አድርጋለች፤ አፈር ግንባሯ ላይ አለ። ፊቴ ቆመች።

"እትዬ የወርቅውሃ" አለችኝ፣ "አምና ያወረድሽለትን መልሺው። ትንኝ አይደለችም የገደለችው። እኔም አስፈርመውኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ባልሞተበት ሞት ሲለቀስለት እየሰማሁ ዝም አልኩ። የኔንም በትክክሉ አልቅሺልኝ።"

አምና በኩራት የገጠምኩት፣ ሰዉ እስካሁን የሚያወራልኝ የትንኝ ግጥም ውሸት ኖሯል። በእኔ አፍ ነው የዋሹት! የሰውን ሞት ሰርቀው፣ ውሸቱን እኔው በዜማ እንዳደርሰው አደረጉኝ። ብሪቱን እጇን ይዤ ከስርጉት ጎን አስቀመጥኳት። ስርጉት ከእንባዋ ቀና ብላ ነጠላዋን አካፈለቻት። ዋቅሹማ ምን ይወድ እንደነበር ጠየቅኩ፣ ማንን ይጦር እንደነበር ጠየቅኩ፣ የትኛው ማሽን ላይ እንደነበር ጠየቅኩ፤ አንድ በአንድ፣ ለሰዉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ነገረችኝ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ተነስተው ቀረብ አሉ።

ጠበቃው ስልኩን ከጆሮው አውርዶ "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለ።

ጉሮሮዬን ጠረግኩና ከባሏ ስም ጀመርኩ።